ከምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ሆድዎ ሲያስቸግርዎ ምን ያደርጋሉ?

ብዙ ሰው "የጉሮሮ ካንሰር" የሚለው የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው ቀጠና በዓለም ላይ በሽታው ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በምዕራብ ሸዋም ታማሚዎች አሉ። አብዛኞቹ ወደ ሕክምና የሚመጡት እህል አልወርድ ካላቸው በኋላ በመሆኑ ለቀዶ ሕክምና የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። እነዚህም በብዛት እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች ታክመው ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር፣ ወደ ጌዶ ወይም ወደ ጊንጪ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ የሚያስታምመው ቤተሰብ ነው።

ቤት ሲገቡ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት እንደበሉ ሆድ ይነፋል፣ ልብ ይመታል፣ ማታ ሲተኙ ምግብ ወደ አፍ ይመለሳል፣ ተቅማጥ ይመጣል። ቤተሰብም "በሽታው ተመልሶ መጣ ይሆን?" ብሎ ይደነግጣል። ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹ ካንሰሩ የተመለሰ ምልክት ሳይሆኑ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ያመጣቸው ለውጦች ናቸው።

ሰውነትዎ ውስጥ ምን ተለወጠ?

ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን የምግብ ቧንቧ ቆርጦ ካወጣ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራዎን እንደ ቱቦ አጥብቦ ወደ ደረት ይስበውና ከቀረው ቧንቧ ጋር ያገናኘዋል። ስለዚህ ጨጓራዎ ዛሬ ያለው በከፊል ደረትዎ ውስጥ ነው። የድሮውን ያህል ምግብ አይዝም። አሲድ ወደ ላይ እንዳይመለስ ይጠብቅ የነበረው በርም የለም። በተጨማሪም የጨጓራን እንቅስቃሴ የሚያዝዘው ነርቭ በቀዶ ሕክምናው ስለሚቆረጥ፣ ምግቡ አንዳንዴ ጨጓራ ውስጥ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳይፈጭ በአንድ ጊዜ ወደ አንጀት ይወርዳል። ይህን ከተረዱ ከዚህ በታች ያለው ምክር ለምን እንደተሰጠ ይገባዎታል።

ቶሎ መጥገብና የጉርሻ ነገር

በቀን ሦስት ጊዜ መብላትን ለጊዜው ይርሱት። ከ6 እስከ 8 ጊዜ፣ በየሁለት ሰዓቱ አካባቢ፣ በቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ የሚበቃ ያህል ይብሉ። ርሃብ እስኪሰማዎ አይጠብቁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የርሃብ ስሜት ለወራት ሊጠፋ ስለሚችል በሰዓት መብላት ይሻላል። ቀስ ብለው ያላምጡ፤ ጠገብኩ የሚል ስሜት እንደመጣ ያቁሙ። አንዲት ተጨማሪ ጉርሻ ብቻዋን ደረትን ልታጨንቅ፣ ልታስመልስም ትችላለች።

እዚህ ላይ ለቤተሰብ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር የታመመን ሰው መውደድ የሚገለጸው በማብላት ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ አገልግል ይከፈታል፣ "በሞቴ ብላ"፣ "አንዴ ብቻ ጉረሺልኝ" ይባላል። ታማሚው ይሉኝታ ይዞት ይጎርሳል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ይሰቃያል። ጠያቂዎችን "ሐኪሙ በትንሽ በትንሹ ብሎታል" ብሎ መመለስ የአስታማሚው ሥራ ነው፤ ታማሚውን አታስጨንቁት። የመጣው ምግብ ተከፋፍሎ በየሰዓቱ ይቀርብለት።

ከምግቦቻችን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚስማሙት ለስላሳዎቹ ናቸው። በአልጫ መረቅ በደንብ የራሰ ፍትፍት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ እርጎ፣ አይብ፣ ለስላሳ የእንቁላል ፍርፍር፣ በደንብ የተፈጨ ሥጋ አልጫ፣ ከጀልዱና ከጊንጪ ገበያ የሚመጣው ድንች ተቀቅሎና ተፈጭቶ፣ አቮካዶ። ቆጮ ጭረት ስላለው፣ ትኩስ ዳቦ አፍ ውስጥ ስለሚለጠጥና ስለሚያብጥ፣ ጥብስና ጥሬ ሥጋ ደግሞ ስለሚጠነክሩ ይቆዩ። ጥሬ ሥጋ በሌላም ምክንያት አይመከርም፤ ደካማ ሰውነት የጥገኛ ትልና የባክቴሪያ ጭነት አይፈልግም። በርበሬና ሚጥሚጣ ለሁሉም ሰው አንድ አይደሉም፣ ቀስ ብለው በጥቂቱ ይሞክሩ። ገንፎም ሆነ ቡና እየተንፈቀፈቀ አይቅረብ፤ በጣም የሚያቃጥል መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ለቤቱ ሰው ሁሉ ቢሆን በርዶ መጠጣት ይመረጣል።

የሚጾሙ ከሆነ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። እንደ ሐኪም የምለው ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁስልዎ እንዲድን ፕሮቲን የግድ ያስፈልግዎታል፣ ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየትም አይስማማዎትም ነው።

አምቦ ውሃ

በአካባቢያችን ሆዱን የከበደው ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው አምቦ ውሃን ነው። ለእርስዎ ግን አሁን አይሆንም። ጋዙ ደረት ውስጥ ባለችው ጠባብ ጨጓራ ሲለቀቅ ይወጥራታል፣ አሲድንም ይዞ ወደ ላይ ይመለሳል። ለስላሳ መጠጦችና ቢራም እንዲሁ ናቸው። ጠላና አረቄን ጨርሶ ይተዉ። ከወራት በኋላ በጣም ካማረዎ አምቦ ውሃውን ብርጭቆ ውስጥ ቀድተው ጋዙ እስኪወጣ ድረስ አቆይተው በጥቂቱ ይቅመሱ።

ተራ ውሃ ደግሞ በምግብ መካከል አይጠጣ። ከመብላትዎ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከበሉ ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። አለበለዚያ ውሃው ጨጓራዎን ይሞላና ለምግብ ቦታ ያሳጣል፣ ምግቡንም ጠርጎ ወደ አንጀት ያወርደዋል።

ከበሉ በኋላ ላብ፣ የልብ ምትና መዛል

ሐኪሞች "ዳምፒንግ ሲንድረም" የሚሉት ይህ ነው። ከበሉ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሆድ ይቆርጣል፣ ያጥወለውላል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ተቅማጥ ይከተላል። ምክንያቱ ምግቡ፣ በተለይ ጣፋጩ፣ በአንድ ጊዜ ወደ አንጀት መውረዱ ነው። ሌላው ዓይነት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ይመጣል፤ ጣፋጩ ቶሎ ደም ውስጥ ገብቶ ኢንሱሊን በብዛት ስለሚለቀቅ የደም ስኳር ይወርዳል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ራስ ይዞራል።

ለታማሚ የምናቀርበውን ልብ ይበሉ። ስኳር የበዛበት አጥሚት፣ ማር የተቀላቀለበት ተልባ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ። ሁሉም በቅን ልብ ነው የሚቀርቡት፣ ይህን ችግር ግን ያባብሳሉ። አጥሚቱ አይከለከልም፤ ስኳሩን ቀንሰው በወተት ይሥሩት። ምግብ ላይ ፕሮቲን ይጨምሩ፣ ከበሉ በኋላ ምልክቱ ከመጣብዎ ለ15 እና 20 ደቂቃ ከጀርባዎ ቀና ብለው ጋደም ይበሉ። ዘግይቶ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ሲጀምርዎ ግን የዚያን ጊዜ ስኳር ያስፈልግዎታል፤ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ይውሰዱ፣ ከዚያ እንቁላል ወይም ዳቦ በአይብ በጥቂቱ ያስከትሉ። ስኳር የሚያስከትለውን ችግር በስኳር ማከም እንቆቅልሽ ይመስላል፣ ነገር ግን የወረደን ስኳር ለማንሣት ሌላ ፈጣን መንገድ የለም። የስኳር በሽታ ኖሮብዎ ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ከሚወስዱ ይህ ምልክት እንደታየ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ መድኃኒቱ መጠኑ መለወጥ ይኖርበት ይሆናል።

ማታ የሚመለስ ምግብና አሲድ

ጨጓራን የሚጠብቀው በር ስለሌለ ጠፍጣፋ መተኛት አይቻልዎትም። ትራስ መደራረብ አይበቃም፤ ትራሱ አንገትን ብቻ አጥፎ ሆድን ይጫናል። አልጋው በራስጌ በኩል በሁለት ጡብ ወይም በጣውላ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። መሬት ላይ በፍራሽ ለሚተኛ ሰው ከፍራሹ በታች ራስጌ ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ ወይም ገለባ የሞላ ጆንያ አድርጎ ከወገብ ጀምሮ ዳገታማ ማድረግ ይቻላል። እራት ከመተኛትዎ ከ2 እስከ 3 ሰዓት በፊት ይብሉ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሚተኙ ከ1 ሰዓት በኋላ ባይበሉ ይመረጣል። ከምግብ በኋላ አያጎንብሱ፣ ባልዲ አያንሡ፣ ቀበቶ አያጥብቁ።

ኦሜፕራዞል ከታዘዘልዎ ጠዋት ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ይውሰዱት። ሳል በሌሊት የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ምግብ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጀርባና ለራስ ሕመም ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መውሰድ ለእርስዎ አይሆንም፤ ጨጓራዎን ሊያቆስሉ ይችላሉ። ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ኮሶ የመሳሰሉትን ከመሞከርዎ በፊት ይጠይቁ። ፌጦ በጣም ያቃጥላል፣ ኮሶ ደግሞ ለዚህ ችግር ምንም አይጠቅምም፣ ይጎዳል።

ተቅማጥ

ከዳምፒንግ ውጭ ተቅማጥ የሚመጣው ነርቩ ስለተቆረጠ፣ ባክቴሪያ በአንጀት ውስጥ ስለተራባ ወይም ቅባት ሳይፈጭ ስለሚወጣ ሊሆን ይችላል። ሰገራው ቢጫ፣ የሚንሳፈፍና በጣም የሚሸት ከሆነ ቅባቱን ይቀንሱ፣ ሐኪምም ያሳዩ፤ መድኃኒት አለው። ውሃ እያጡ ከሆነ ሕይወት አድን ፈሳሽ (ኦአርኤስ) በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ከተቅማጥ በተቃራኒው ድርቀት ካስቸገረዎ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሕመም ማስታገሻው ነው።

በሆድ በኩል የምግብ ቱቦ ይዘው ከመጡ በተሰጠዎ መመሪያ ብቻ ይጠቀሙ። ከምግቡ በፊትና በኋላ በንጹሕ ውሃ ይጠቡት፤ ወፍራም አጥሚት አይጨምሩበት፣ ይዘጋል።

ምግብ ሲያንቅ

ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንጀራ ወደ ውስጥ አልወርድ ካለዎ አስቀድመው አይደንግጡ። ጨጓራና ቧንቧ የተገናኙበት ስፌት ሲድን ሊጠብብ ይችላል፣ ይህ በብዛት የሚያጋጥም ነው። ኢንዶስኮፒ ባለበት ሆስፒታል ማስፋት ይቻላል፣ አንዳንዴ ደጋግሞ ማስፋትም ያስፈልጋል። ሆኖም ምክንያቱ በምርመራ መለየት ስላለበት "በቃ ጠባሳ ነው" ብለው ቤት አይቀመጡ።

ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱበት ጊዜ

ትኩሳት ከብርድ ጋር፣ ድንገተኛ የደረት ወይም የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም ወይም ቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ምራቅንና ውሃን እንኳ መዋጥ አለመቻል፣ ያለማቋረጥ ማስመለስ። እነዚህ ከመጡ ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ። በአቅራቢያዎ ያለው ሆስፒታል፣ ለምሳሌ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል፣ መጀመሪያ አይቶ ማረጋጋት ይችላል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን የአዲስ አበባ መንገድ በራስዎ መኪና ፈልገው አይጀምሩ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና የደረት ሕመም አብረው ከመጡ ስፌቱ ፈስሶ ሊሆን ይችላል።

ክብደት ለብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀንሳል። በሳምንት አንድ ቀን በተመሳሳይ ሚዛን ይመዘኑና ይጻፉት። የዕለቱን ምግብ፣ ከበሉ በኋላ የተሰማዎትንና ሰዓቱንም እንዲሁ። ወደ ቀጠሮ ሲሄዱ ያንን ደብተር ከመውጫ ወረቀትዎ ጋር ይያዙት። በአውቶቡስ ከሄዱ ከመነሣትዎ በፊት ብዙ አይብሉ፣ ነገር ግን ባዶ ሆድም አይሂዱ። ቀና ብለው መቀመጥ የሚችሉበትን ቦታ ይምረጡ፣ ሆለታ ላይ ወይም አዲስ ዓለም ላይ የሚቀምሱት ትንሽ ፍትፍት በእቃ ይያዙ፣ ማስታወኪያ ፌስታልም አይርሱ።