አሮጌ ጀልባ ላይ ሶናር መግጠም፦ የሚባለውና እውነቱ

መሰርሰሪያ ደረቅ እንጨት ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ነጣ ያለና ቀላል ነው። አሜሪካ የሚኖር ወዳጄ በ1980ዎቹ የተሠራ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ገዝቶ የሶናር ትራንስዲዩሰር (ድምፅ የሚልከውንና የሚያዳምጠውን ክፍል) ልንገጥም የኋላ ግድግዳውን ስንበሳ ግን የቡና አተላ የመሰለ እርጥብ ፍርፋሪ ወጣ። ግድግዳው ላዩ ፋይበርግላስ ቢሆንም እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ጀልባዎች ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። የቀድሞው ባለቤት ሶናር በቀየረ ቁጥር አዲስ ቀዳዳ እየበሳ አሮጌውን በሲሊኮን ሲደፍን ኖሯል።

«ሲሊኮን ካለ ውሃ አይገባም» የሚለው እምነት ስንቱን ደህና ጀልባ እንዳበሰበሰ ሳስብ ያንገበግበኛል። ከውሃ በታች ለሚውል ቀዳዳ የሚያስፈልገው ለጀልባ ተብሎ የተሠራ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ነው። ሲሊኮን ተፍቆ ሲነሳ እንኳ ስስ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ ቦታው ላይ ሌላ ነገር አይይዝም። የሚሻለው ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ የኋላ ግድግዳው ላይ አንድ ጊዜ በደንብ አሽጎ ማሰር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትራንስዲዩሰር ሁሉ ሰሌዳው ላይ ይታሰራል፤ ጀልባው ዳግም አይበሳም።

«ታዲያ ለምን ትበሳለህ? ከውስጥ ወለሉ ላይ አጣብቀው» የሚሉም አሉ። ይህ የሚሠራው ወለሉ ከላይ እስከ ታች ድፍን ፋይበርግላስ ሲሆን ብቻ ነው። ትራንስዲዩሰር የድምፅ ምት ልኮ የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 15 ሜትር ወርዶ ለመመለስ 2 መቶኛ ሰከንድ ይበቃዋል። አየር ሲያጋጥመው ግን ከዚያው ይመለሳል። ብዙው ዓሣ በሶናር ጎልቶ የሚታየው ሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት ስላለው ነው፤ በወለሉ መሃል ያለ ፎም ወይም እንጨት የያዘው አየር ደግሞ መሣሪያውን ያሳውረዋል። ስለዚህ ከማጣበቅ በፊት ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ወለሉ ላይ አስቀምጣችሁ ትራንስዲዩሰሩን እሱ ውስጥ ንከሩት። ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ስታንጠለጥሉት የሚያሳየውን ጥልቀት እዚህም ካሳየ አጣብቁት። ካላሳየ ተዉት።

«ከኋላ የትም ቢሆን ያው ነው» የሚባለውም ስህተት ነው፤ እዚህም ጠላቱ የአየር አረፋ ነው። ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ የሚዞር አንድ ፕሮፔለር ላለው ጀልባ የሚመከረው ቀኝ ጎን ነው፤ ምላጮቹ በዚያ በኩል ወደ ታች ስለሚወርዱ ውሃው ይረጋል። ከትራንስዲዩሰሩ ፊት የሪቬት ረድፍ ወይም የወለል ሸንተረር ካለ ቦታ ቀይሩ። የትራንስዲዩሰሩ የተረፈ ገመድ አይቆረጥም፤ ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ ከሞተሩ ሽቦዎችም ይርቃል። በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ የነሐስ ትራንስዲዩሰር አትግጠሙ፤ ሁለቱ ብረቶች ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ጥርት ያለው ምስል ፍጥነት ስትጨምሩ ከተቆራረጠ ሌላ መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ። ትራንስዲዩሰሩን በጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩት።