አዲስ ልጆች፣ የመጀመሪያ ክረምት

ሁለት ወንድማማቾችን በጉዲፈቻ ተቀብላችሁ ወዲያው ትምህርት ቤት ከተዘጋ፣ ከፊታችሁ ያለው ክረምት ረጅም ነው። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ዘመድ ሁሉ «እስቲ እንያቸው» ይላል፤ የክረምት ትምህርቱ፣ ኳሱ፣ ዋናው ይደራረባል።

አትቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለቤት ስጡ፤ እንግዳም በተራ ይምጣ። ምግቡና የመኝታ ሰዓቱ ሳይዛነፍ ሲቀጥል ልጅ «ነገም እዚሁ ነኝ» ብሎ ማመን ይጀምራል። ትራስ ሥር የተሸሸገ ዳቦ ብታገኙ አትቆጡ፤ ነገም ምግብ እንዳለ በእርጋታ አሳዩት። «እማዬ፣ አባዬ በሉ» ብላችሁም አታስገድዱ፤ ቃሉ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ስለ ወላጆቻቸው ሲያነሱ ወሬ አታስቀይሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ አብራክ ልጅ ይቆጥረዋል፤ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለውን ትስስር ግን አይበጥስም። እናንተም ልጆቹን አንዱን ምረጡ አትበሏቸው።

ነሐሴ ሲገባ በሩን ከፈት አድርጉ። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ይጨፍሩ። ዱላቸውን አብራችሁ አዘጋጁ፤ ሙልሙሉንም አብረዋችሁ ያድቦልቡሉ። ከዚያ ወረቀትና ቀለም አቅርቡላቸው፤ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዘው የሚዞሩት ወንዶች ልጆች ናቸውና። የመጀመሪያውን ሥዕል ለማን እንደሚሰጡ ግን እናንተ አትምረጡላቸው።