ያውቁ ኖሯል? አቡዳቢም ጥንታዊ ገዳም አላት

በአል ዓይን፣ አል ሂሊ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ቅዱስ ቦታ ልሳለም ሲል ልቡ የሚሄደው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ዴር ሱልጣን ነው። ግን ድንበር ሳይሻገር፣ በዚያው በአቡዳቢ ግዛት፣ ሲር ባኒ ያስ በተባለች ደሴት ላይ የመነኮሳት ገዳም ፍርስራሽ አለለት።

ቦታው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ዘመኑ ግን ከ7ኛው እስከ 8ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ነዋሪዎቹ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ነበሩ፤ ብዙዎች ንስጥሮሳዊት የሚሏት ናት። (ከእኛዋ ተዋሕዶ ጋር በትምህርት እንደማይስማሙ ልብ ይሏል!) እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ደግሞ በልስን ላይ የተቀረጸ፣ 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም መስቀል መገኘቱ ተነገረ። መስቀሉ ጎልጎታን በሚያስታውስ ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ከግርጌው ቅጠል ያቆጠቁጣል። የሀገራችንን ሐረግ የተጠመጠመባቸው መስቀሎች ያየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

አል ሂሊስ? መጽሐፍ ቅዱስ ስሟን አይጠራም። በአርኪዮሎጂ ፓርኳ ያለው ክብ የድንጋይ መቃብር ግን ከ4000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከንጉሥ ሰሎሞን ዘመን በ1000 ዓመት ግድም ይቀድማል ማለት ነው። በበሩ ላይ ሰዎችና ሳላዎች ተቀርጸዋል። የአል ዓይን ጥንታዊ ቦታዎች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል።

ማኅበራችሁ ጉዞ ካሰበ፣ ወደ ደሴቲቱ የሚሻገረው ጀልባ የሚነሳው ከጀበል ዳና ነው።