ክሮሚየም በየትኛው መልኩ? የኬሚካዊ ቅርጽ ትንተና በወንዝና በፍሳሽ ውኃ



አንድ የላቦራቶሪ ሪፖርት «ጠቅላላ ክሮሚየም» ብሎ አንድ ቁጥር ሲያስቀምጥ፣ ውኃው ምን ያህል ክሮሚየም እንደያዘ ይነግረናል፤ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ግን አይነግረንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው በሊትር 0.05 ሚሊግራም የተሰኘው ወሰን እንኳ የሚመለከተው ጠቅላላውን ነው።

ክሮሚየም በውኃ ውስጥ በዋናነት በሁለት ቅርጾች ይገኛል። ክሮሚየም ሦስት በገለልተኛ ፒኤች አካባቢ በአብዛኛው ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል፤ አለዚያም ከደለልና ከኦርጋኒክ ቁስ ጋር ይጣበቃል። ክሮሚየም ስድስት ግን ክሮሜት የተባለ አሉታዊ አዮን ሆኖ ይሟሟል፤ ከወንዙም ጋር ይጓዛል። ሰልፌትን ስለሚመስል የሕዋስን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል። ካንሰር አምጪነቱ የታወቀውም ይኸኛው ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ የሞጆ ወንዝም ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ሦስት ጨው ስለሆነ ክሮሚየም ስድስት አይኖርም ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በደለልና በአፈር ውስጥ ያለ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ሦስቱን ወደ ስድስት ሊለውጠው ይችላል፤ ሰልፋይድና ኦርጋኒክ ቁስ ደግሞ በተቃራኒው ይመልሱታል። ስለዚህ መለካት ግድ ነው።

ትንተናው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በናሙናው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ለጠቅላላ ልኬት ናሙናውን በናይትሪክ አሲድ ማቆየት የተለመደ ነው። ለክሮሚየም ስድስት ግን ይህ ጎጂ ነው፤ በአሲድ ውስጥ የፍሳሹ ኦርጋኒክ ቁስ ወደ ሦስት ይቀይረዋልና። ስለሆነም ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው እዚያው ወንዙ ዳር በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይጣራል፤ ፒኤቹ ከ9 በላይ ይደረጋል፤ በበረዶ ቀዝቅዞ በፍጥነት ይተነተናል።

በላቦራቶሪ ዳይፈኒልካርባዛይድ በአሲዳማ ውኅድ ውስጥ ከክሮሚየም ስድስት ጋር ብቻ ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል፤ ይህም በ540 ናኖሜትር ይነበባል። ጠቅላላው የሟሟ ክሮሚየም በአቶሚክ አብዞርፕሽን ይለካል፤ ልዩነቱ የሟሟው ክሮሚየም ሦስት ነው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ራሱ ቀለም ስላለው፣ ዳይፈኒልካርባዛይድ ያልገባበትን ተመሳሳይ ናሙና አንብቦ መቀነስ ይገባል።

በመጨረሻም መጠኑ የታወቀ ክሮሚየም ስድስት በናሙናው ላይ ጨምሩና ምን ያህሉ እንደተገኘ እዩ። የጨመራችሁት ራሱ ከጠፋ፣ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ስለ ወንዙ ምንም አይናገርም። ከዚያ ወንዝ አትክልቱን ለሚያጠጣ ገበሬ ይህ ልዩነት ተራ የቤተ ሙከራ ጉዳይ አይደለም።