የጆሮ ምርመራ በእጅ ስልክ

ቁስል በዓይን ይታያል፤ ትኩሳትም በእጅ ይዳሰሳል። የጆሮ መድከም ግን ባለቤቱ ራሱ ሳያውቀው ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ይኖራል። ተማሪ መምህሩ ሲጠራው ባይመልስ ሰነፍ ነው፤ እልከኛ ነው እየተባለ ይገሠጻል፤ ይቀጣልም። ነገሩ ግን አለመስማት እንጂ አለመታዘዝ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፥ የመስማት ጉድለት ያለበት ሰው ከ1.5 ቢሊዮን እንደሚበልጥ፥ ከዚህም ውስጥ 430 ሚሊዮን የሚሆነው ርዳታ የሚያስፈልገው መሆኑን አስታውቋል። በልጆች ላይ ከሚደርሰውም ጉድለት ከመቶ 60 እጁ አስቀድሞ ሊከለከል የሚቻል ነው።

ይህን ያህል ሕዝብ ለመመርመር የቀድሞው ሥርዓት አይበቃም። ድምፅ የማያስገባ ክፍል፥ ዋጋው የከበደ መሣሪያና በሙያው የተማረ ሰው ያስፈልጋሉ፤ እነዚህም ሦስቱ በብዙ አገር ከታላላቅ ከተሞች ውጭ በቀላሉ አይገኙም።

በደቡብ አፍሪካ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ደ ቬት ስዋነፑልና ኸርማን ሜይበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ይህን ችግር ተመልክተው፥ በእጅ ስልክ የሚሠራ የጆሮ ምርመራ አዘጋጁ፤ ሥራቸውንም በ2014 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ገለጹ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልኩ መጠኑ ከተስተካከለ የጆሮ ማዳመጫ ጋራ ተያይዞ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ያሰማል፤ ልጁ ሲሰማ እጁን ያነሣል፤ መርማሪው ይመዘግባል። የአካባቢው ጫጫታ ከልክ ቢያልፍ ስልኩ ራሱ ያስታውቃል። ስለዚህ ጥቂት ሥልጠና ያገኘ የጤና ሠራተኛ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ መኖሪያ ቤት ሄዶ ይመረምርበታል።

በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማንም ሰው በገዛ ስልኩ ራሱን የሚፈትንበት ሌላ ዘዴ በዚያው አገር ወጣ። ይኸውም በጫጫታ መካከል ሦስት ቁጥር ይነገረውና የሰማውን ይጽፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን የመሰለ ፈተና ለሕዝብ አቀረበ። ቁጥሩ ሰሚው በሚያውቀው ቋንቋ መነገር ስላለበት ግን ለየቋንቋው መዘጋጀት ይገባዋል።

ዳሩ ግን ምርመራ ብቻውን ፈውስ አይደለም። ስልኩ ጉድለቱን ከገለጸ በኋላ የሚያክም ሐኪም፥ መድኃኒት ወይም የመስሚያ መሣሪያ ካልተገኘ፥ የወላጅን ኀዘን ከመጨመር በቀር ምን ይጠቅማል? ይህን ዘዴ የሚሻ አገር ሁሉ ከመርማሪው ጋራ አካሚውን አብሮ ማሰናዳት አለበት። መምህርም የማይመልሰውን ልጅ ከመቅጣቱ አስቀድሞ ጆሮውን ያስመርምርለት።