የፅንስ አልኮል ሲንድረም

የፅንስ አልኮል ሲንድረም እናት በእርግዝናዋ ወቅት የጠጣችው አልኮል በማህፀን ባለው ልጅ ላይ የሚያስከትለው የዕድሜ ልክ የአካልና የአንጎል ጉዳት ነው። በፊት ገጽታ ላይ ምልክት ሳያሳዩ አንጎልን ብቻ ከሚነኩት ተመሳሳይ ጉዳቶች ጋር በአንድነት «የፅንስ አልኮል ጉዳቶች» ይባላሉ። ጉዳቱ አንዴ ከደረሰ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ነገር ግን መንስኤው አንድና የታወቀ ስለሆነ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ምንም አልኮል ካልጠጣች አይከሰትም። በኢትዮጵያ ቢራና አረቄ ብቻ ሳይሆኑ ጠላ፣ ጠጅ፣ ኮረፌና ቦርዴም አልኮል ያለባቸው መጠጦች ናቸው።

ታሪክ

አልኮል ነፍሰ ጡርን ሊጎዳ ይችላል የሚለው ግምት የቆየ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የሶምሶን እናት የወይን ጠጅና የሚያሰክር መጠጥ እንዳትጠጣ ታዝዛለች፤ ትእዛዙ ግን የተሰጠው ልጁ ናዝራዊ ስለሚሆን እንጂ ስለ ጤንነት አይደለም።

ጉዳዩን በቁጥር ለማሳየት ቀድመው ከሞከሩት አንዱ የእስር ቤት ሐኪሙ ዊልያም ሱሊቫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በሊቨርፑል እስር ቤት የነበሩ 120 ጠጪ ሴቶችን ከማይጠጡ የሥጋ ዘመዶቻቸው ጋር አነጻጸረ። የጠጪዎቹ ልጆች ሞተው የሚወለዱት ወይም በጨቅላነታቸው የሚሞቱት ከዘመዶቻቸው ልጆች ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሱሊቫን ሌላም ነገር አስተውሏል፤ በእርግዝናቸው ወቅት ታስረው መጠጥ ያጡ ሴቶች ከዚያ በፊት ከወለዷቸው የተሻለ ጤና ያላቸው ልጆች ወልደዋል።

ይህ ግኝት ግን ለአሥርት ዓመታት ተረሳ። እንዲያውም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምጥ ያለጊዜው የጀመራቸውን ሴቶች ምጥ ለማስቆም ሐኪሞች አልኮል በደም ሥር ይሰጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1968 ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም ፖል ለሟን በናንት ከተማ ጠጪ ከሆኑ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን አጥንቶ የፊታቸውና የዕድገታቸው ሁኔታ እጅግ እንደሚመሳሰል ጻፈ። ጽሑፉ በአገር ውስጥ የፈረንሳይኛ የሕክምና መጽሔት ስለወጣ በሌላው ዓለም ብዙም አልታወቀም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በአሜሪካ ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሦስት የተለያዩ ብሔረሰቦች የተገኙ፣ የማይዛመዱ ስምንት ልጆችን ሁኔታ «ላንሴት» በተባለው መጽሔት አወጡ። የስምንቱም እናቶች ለረጅም ጊዜ አልኮል ሲጠጡ የኖሩ ነበሩ። ሕመሙ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በዚያው ዓመት ነው።

በ1981 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም ነፍሰ ጡር ሴቶች አልኮል እንዳይጠጡ መከሩ። በ1988 በወጣ ሕግ ደግሞ በአገሪቱ የሚሸጥ ማንኛውም የአልኮል መጠጥ ይህንኑ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ታዘዘ።

አልኮል ፅንሱን እንዴት ይጎዳል

ፅንስ ምግብና አየር የሚያገኘው በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ነው። እንግዴ ልጅ ብዙ ጎጂ ነገሮችን ቢያግድም አልኮልን አያግድም። እናት በጠጣች በአጭር ጊዜ ውስጥ በፅንሱ ደም ያለው የአልኮል መጠን በእናቱ ደም ካለው ጋር ይቀራረባል።

ከዚህ በኋላ ግን የሁለቱ ሁኔታ ይለያያል። የእናት ጉበት አልኮሉን ፈጭቶ ያስወግዳል። የፅንሱ ጉበት ገና ያልበሰለ ስለሆነ ይህን ማድረግ የሚችለው በጣም በጥቂቱ ነው። ፅንሱ ያስወጣው አልኮል የሚጠራቀመው በሽርት ውሃው ውስጥ ሲሆን፣ ፅንሱ ያንኑ ውሃ መልሶ ይውጠዋል። ስለዚህ ከአልኮሉ የሚገላገለው በዋናነት ወደ እናቱ ደም በመመለስ ነው።

አልኮል በማደግ ላይ ያሉ ህዋሳትን ይገድላል፣ አንዳንዶቹም ወደ ትክክለኛ ቦታቸው እንዳይደርሱ ያደርጋል። የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚጎዳ የሚወስነው መጠጡ የተጠጣበት ጊዜ ነው። ለፊት ገጽታ አደገኛው ጊዜ ከፅንሰት በኋላ ያለው ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አያውቁም። ልብ፣ ኩላሊትና አጥንት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይበልጥ ይጎዳሉ። አንጎል ግን እስከ መውለጃው ቀን ድረስ ስለሚያድግ በማንኛውም ወር ሊጎዳ ይችላል።

ብዙ አልኮል በአንድ ጊዜ መጠጣት በተለይ አደገኛ ነው። የእናት አመጋገብ፣ ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደትና የዘር ሁኔታም የጉዳቱን መጠን ይለውጣሉ፤ እኩል ከጠጡ ሁለት እናቶች የአንዷ ልጅ በብርቱ ሲጎዳ የሌላዋ ላይጎዳ ይችላል። ለፅንስ አይጎዳም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን የለም።

ምልክቶች

የሲንድረሙ መለያዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የፊት ገጽታ፦ የዓይን ክፍተት ከጥግ እስከ ጥግ አጭር ይሆናል፤ ከአፍንጫ ሥር ወደ ላይኛው ከንፈር የሚወርደው ስርጉድ መስመር ይጠፋል ወይም ለጥ ይላል፤ የላይኛው ከንፈር ይሳሳል። እነዚህ ምልክቶች በሕፃንነት ጎልተው ታይተው ልጁ ሲያድግ ሊደበዝዙ ይችላሉ።

ዕድገት፦ ልጁ ሲወለድ ክብደቱና ቁመቱ ያንሳል፣ በኋላም ከእኩዮቹ ያንሳል።

አንጎል፦ የጭንቅላት መጠን ሊያንስ ይችላል። ትኩረት ማጣት፣ መርሳት፣ የቋንቋና የሒሳብ ችግር፣ ቁጡነት እንዲሁም የድርጊትን ውጤት አስቀድሞ ያለማየት ይታያሉ። ልጁ ትናንት በደንብ ያወቀውን ዛሬ ሊረሳው ይችላል።

ከተጎዱት ልጆች አብዛኞቹ የፊት ምልክት የላቸውም፤ ብዙዎቹም በአእምሮ ብቃት ፈተና ከመደበኛው ክልል አይወጡም። በዚህ ምክንያት ችግራቸው እንደ ሕመም ሳይሆን እንደ ስንፍና፣ እልኸኝነት ወይም ብልግና ይቆጠራል። የተነገረውን ትእዛዝ ማስታወስ የማይችል ልጅ «አይሰማም» ተብሎ ይገረፋል፤ ቅጣቱ ግን የጎደለውን ችሎታ አይሰጠውም።

ምርመራ

ሕመሙን የሚያሳይ የደም ወይም የራጅ ምርመራ የለም። ሐኪም የሚወስነው የልጁን ፊት ለክቶ፣ ዕድገቱን መዝግቦ፣ የአንጎሉን ሥራ በፈተና መርምሮና እናት በእርግዝናዋ ወቅት ትጠጣ እንደነበር ጠይቆ ነው። ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን ሌሎች የዘር ሕመሞችም መለየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ለእናት የሚቀርበው ነው። የሚወቅስ አነጋገር እውነቱን ያስደብቃል። «አልኮል ትጠጫለሽ?» ተብላ የተጠየቀች ሴት «አልጠጣም» ብላ ጠላ በየዕለቱ የምትጠጣ ልትሆን ትችላለች፤ እርሷ ጠላን የምትቆጥረው ከምግብ ነውና። ስለዚህ መጠጦቹን በስማቸው እየጠሩ መጠየቅ ይሻላል።

ስርጭት

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚያሳየው ከነፍሰ ጡር ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ አልኮል ይጠጣሉ፤ በየዓመቱም 119,000 ያህል ልጆች ከሲንድረሙ ጋር ይወለዳሉ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ግምት ቀሪዎቹ የፅንስ አልኮል ጉዳቶች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ1,000 ሰዎች ወደ 8 እንደሚደርስ፣ በእርግዝና ወቅት ከጠጡ 13 ሴቶችም የአንዷ ልጅ እንደሚጎዳ ያመለክታል።

በከፍተኛ ስርጭት የሚታወቀው የደቡብ አፍሪካው ምዕራብ ኬፕ ግዛት ነው። በአንዳንድ የግዛቱ ማኅበረሰቦች ከ10 ልጆች ከአንድ በላይ የሚሆኑት ጉዳቱ ተገኝቶባቸዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት «ዶፕ» የተባለው የቆየ ሥርዓት ነው። የወይን እርሻ ባለቤቶች ለሠራተኞቻቸው ከደመወዛቸው ከፊሉን በወይን ጠጅ ይከፍሉ ነበር። ሥርዓቱ በሕግ ከተከለከለ በኋላም የመጠጥ ልማዱ ከድህነትና ከምግብ እጥረት ጋር ተዳምሮ ቀጥሏል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ አብዛኛው የቤት ውስጥ መጠጥ የሚጠመቀው በሴቶች እጅ ሲሆን፣ ጠማቂዋ ጥንስሱን እየቀመሰች መሥራቷ የተለመደ ነው። ጠላ በማኅበር፣ በሰንበቴ፣ በክርስትናና በሠርግ ይቀርባል፤ ነፍሰ ጡርንም «ትንሽ ቅመሺ» ማለት እንደ አክብሮት ይታያል። በደቡብ ኢትዮጵያ ከበቆሎ፣ ከማሽላና ከመሰል እህሎች የሚዘጋጀው ቦርዴ ወተት ያበዛል ተብሎ ስለሚታመን ለወለደች ሴት ይሰጣል።

የቤት መጠጥ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል። ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ፣ ጠጅ 10 በመቶ አካባቢ፣ ዳግም አረቄ ደግሞ 45 በመቶ ያህል አልኮል ይይዛል። በዚህ ስሌት፦

3 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ጠላ 12 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው።
5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል አለው።
40 ሚሊ ሊትር ዳግም አረቄ 14 ግራም ያህል አለው።
250 ሚሊ ሊትር ጠጅ 20 ግራም ያህል አለው።

ግማሽ ሊትር ጠላ እንግዲህ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ብዙም አይለይም። ጠላው ከገብስና ከጌሾ መሠራቱ ወይም በቤት መጠመቁ በውስጡ ያለውን አልኮል አይለውጠውም።

ጫት ከቃሙ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ፣ ማለትም ጨብሲ፣ ሌላው አሳሳቢ ልማድ ነው። ጫት ራሱ ከልጅ የውልደት ክብደት ማነስ ጋር ተያይዟል፣ ንጥረ ነገሩም በእናት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ሲጋራም የፅንሱን ኦክስጅን ይቀንሳል። እነዚህ ከአልኮል ጋር ሲደመሩ ፅንሱ የሚደርስበት ጫና ይጨምራል።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅና ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። በየቤቱ የሚጠመቀው መጠጥ ግን ማስታወቂያም፣ የአልኮል መጠኑን የሚናገር ጽሑፍም የለውም።

ጡት ማጥባትና ጨቅላነት

አንጎል ከውልደት በኋላም በፍጥነት ያድጋል። አልኮል ወደ ጡት ወተት ያልፋል፤ በወተቱ ያለው መጠን በእናት ደም ካለው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ከተጠጣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከፍተኛ ይሆንና በደሟ ያለው ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። ወተቱን አልቦ መድፋት ይህን አያፋጥነውም። ለምታጠባ እናት የሚሻለው አለመጠጣት ሲሆን፣ ከጠጣች ለአንድ መጠጥ ቢያንስ 2 ሰዓት ቆይታ እንድታጠባ ይመከራል። አልኮል ወተት ያበዛል የሚለው እምነትም ትክክል አይደለም፤ አልኮል ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ይቀንሳል።

ለሕፃን ጠላ ማቅመስ ወይም አረቄን እንደ መድኃኒት መስጠት አደገኛ ነው። አልኮል በትንንሽ ልጆች ደም ያለውን የስኳር መጠን በድንገት ሊያወርድና ራስን ሊያስት ወይም ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። አልኮል የጠጣ ሕፃን በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

መከላከል

የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴቶችና ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች አልኮል እንዳይጠጡ ይመክራል። ማርገዟን ሳታውቅ የጠጣች ሴት ልጇ በእርግጠኝነት ይጎዳል ማለት አይደለም፤ በማንኛውም ወር ማቆም ቀሪውን የአንጎል ዕድገት ይጠብቃል። በየዕለቱ ብዙ የምትጠጣ ሴት ግን በራሷ ድንገት ማቆሟ መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ሊያስከትልባት ስለሚችል በሐኪም እርዳታ ማቆም ይኖርባታል።

ባልና ቤተሰብ በቤት ውስጥ መጠጥ ሲያቆሙ እናትም ለማቆም ይቀላታል። በግብዣ ላይ ለነፍሰ ጡር ውሃ፣ የጌሾ ያልሆነ የተልባ መጠጥ ወይም አጥሚት ማቅረብ ያለ መጠጥ ከማስቀረትም ከመጎትጎትም ያድናታል። የቅድመ ወሊድ ክትትልና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጉብኝት ጥያቄው ያለ ወቀሳ ሊነሳ የሚችልባቸው ጊዜያት ናቸው። ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሴፕቴምበር 9 ቀን በልዩ ልዩ አገሮች ስለ ጉዳቱ ግንዛቤ መስጫ ዕለት ሆኖ ይከበራል። ዘጠነኛው ወር ዘጠነኛው ቀን የተመረጠው የእርግዝናን ዘጠኝ ወራት ለማስታወስ ነው።

ድጋፍ

በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና አጥኚዋ አን ስትራይስጉትና ባልደረቦቿ 415 ተጠቂዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1996 ውጤቱን አውጥተዋል። ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ተባርረዋል ወይም አቋርጠዋል፣ ከሕግ ጋር ተጋጭተዋል፣ ሥራ ይዘው መቆየትም ተስኗቸዋል። ሕመማቸው ከ6 ዓመታቸው በፊት የታወቀላቸውና በተረጋጋ፣ ፍቅር ባለበት ቤት ያደጉት ግን እነዚህ ችግሮች ቀንሰውላቸዋል።

እንዲህ ላለ ልጅ የሚጠቅመው አንድን ነገር በአንድ ጊዜ በአጭሩ መንገር፣ ቃልን በሥዕል ወይም በማሳየት መደገፍ፣ የየዕለቱን ሥራ በተመሳሳይ ሰዓትና ቅደም ተከተል ማድረግ እንዲሁም ጸጥ ያለ የመማሪያ ቦታ መስጠት ነው። ትምህርት ደጋግሞ መከለስ አለበት። የመስማት፣ የማየትና የልብ ችግሮች አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ ልጁ በጤና ተቋም ክትትል ያስፈልገዋል። እናትም መጠጥ ለማቆም የሚረዳት ሕክምና ካገኘች ቀጥሎ የምትወልደው ልጅ ከጉዳቱ ሊተርፍ ይችላል።