ሰማያዊው ስክሪን ምን ይነግረናል? ተደጋጋሚ የኮምፒዩተር መቋረጥን ስለ መመርመር



የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችን በየቤታችን የምናውቀው ችግር ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር እየሠራን ሳለ ስክሪኑ በድንገት ሰማያዊ ይሆናል፤ አጭር መልእክት ይታያል፤ ማሽኑም ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ እናልፈዋለን። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ሲደጋገም ግን ወደ ጥገና ቤት እንወስደዋለን፤ እዚያም ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። የንግግሬ ዓላማ ከዚህ መልስ በፊት መጠየቅ የሚገባቸውን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

በቅድሚያ ሰማያዊው ስክሪን ራሱ ምን እንደ ሆነ እንረዳ። በዊንዶውስ ውስጥ ተራ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በተከለለ ቦታ ይሠራሉ፤ አንዱ ቢሳሳት እሱ ብቻ ይዘጋል። ከርነሉና አብዛኞቹ ድራይቨሮች ግን አንድ የጋራ ማኅደረ ትውስታ ይጠቀማሉ። በዚያ ውስጥ ስሕተት ሲገኝ ሥርዓቱ የያዘውን መረጃ ሊያምን አይችልም፤ ሥራውን ቢቀጥል የተበላሸውን መረጃ በዲስኩ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ አስቦበት ይቆማል። ሰማያዊው ስክሪን እንግዲህ የጥንቃቄ እርምጃ ነው፤ በሽታውን የምንፈልገው ከበስተጀርባው ነው።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነን ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰው ነገር ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን በሰማያዊ ስክሪን አቆመ። ምክንያቱ በከርነል ደረጃ የሚሠራው ድራይቨር ከተፈቀደለት ወሰን ውጭ ያለ ማኅደረ ትውስታ ለማንበብ መሞከሩ ነበር። ዕቃዎቹ ጤነኞች ነበሩ። መፍትሔውም በሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር እንጂ ፎርማት አልነበረም።

ወደ ማስረጃው እንለፍ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የማቆሚያ ኮድ በሄክሳዴሲማል ቁጥር ይመዘገባል። 124 ማለት ሃርድዌሩ ራሱ ስሕተት መፈጸሙን አስታውቋል ማለት ነው። 116 የግራፊክስ ድራይቨሩ በተወሰነለት ጊዜ ምላሽ ሳይሰጥ መቅረቱን ያመለክታል። 50 ደግሞ ሊገኝ የማይችል የማኅደረ ትውስታ አድራሻ መጠየቁን ይናገራል፤ ምንጩ ድራይቨርም ራምም ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ ሥርዓቱ በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ፣ ሚኒደምፕ በተባለው ንዑስ ማኅደር፣ ስለ እያንዳንዱ መቋረጥ አነስተኛ ፋይል ያስቀምጣል። ዊንደባግ በተባለው የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ ሊነበብ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምርመራው ስሙ የተጠቀሰው ድራይቨር ጥፋተኛ ላይሆን ይችላል። አንዱ ያበላሸውን ማኅደረ ትውስታ ሌላው ሊያገኘው ይችላልና፣ የተጠራው ያገኘው ነው። ስለዚህ በአንድ ፋይል አንፍረድ፤ አምስት ስድስቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ኮዱም የድራይቨሩም ስም ሁልጊዜ አንድ ከሆነ ጥርጣሬያችን ወደ ሶፍትዌሩ ያዘነብላል። ኮዱም ስሙም በየጊዜው ከተለዋወጠ ወደ ራም፣ ወደ ፓወር ሰፕላይ ወይም ወደ ፕሮሰሰር እንሄዳለን።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለምንኖር ደግሞ ሌላ መለየት ያለብን ነገር አለ። በኢቨንት ቪወር የሚመዘገበው ቁጥር 41 የሚለው ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው የማቆሚያ ኮድ ዜሮ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የኃይል መቋረጥ ወይም ማሽኑ ደርቆ መቅረት ነው፤ ከሰማያዊ ስክሪን ጋር ሊቀላቀል አይገባም።

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ያጋጠመውን ልንገራችሁ። ኮምፒዩተሩ በአማካይ በየሦስት ቀኑ በተለያየ ኮድ ይቋረጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደረገለት። በመጀመሪያው የሁለት ወር የቃለ መጠይቅ ቅጂዎቹ ጠፉ፤ ከእነርሱም ጋር ሚኒደምፖቹ፣ ማለትም ምክንያቱን ሊነግሩ የሚችሉት ፋይሎች፣ አብረው ጠፉ። መቋረጡ ግን ቀጠለ። በመጨረሻ ሁለቱ የ8 ጊጋባይት ራሞች አንድ በአንድ ሲፈተሹ፣ አንደኛው በየትኛውም ማስገቢያ ቢሰካ ስሕተት አሳየ። ራም የተበላሸበትን ማሽን ፎርማት ሊያድነው አይችልም ነበር።

ከዚህ የምንወስደው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ከማናቸውም ፍተሻ በፊት ፋይሎቻችንንና ሚኒደምፖቹን በሌላ ዲስክ እንቅዳ፤ ዲስኩ ራሱ እየደከመ ከሆነ ፍተሻው ሊያባብሰው ይችላልና። ሁለተኛ፣ መቋረጡ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደ ተለወጠ እንጠይቅ፤ አዲስ ድራይቨር፣ አዲስ ራም፣ የባዮስ ለውጥ። ሦስተኛ፣ ራሙ በኤክስኤምፒ ከመደበኛው በላይ እየፈጠነ ከሆነ ወደ መደበኛው እንመልሰው። አራተኛ፣ ሜምቴስት 86ን ሌሊቱን ሙሉ እናስኪደው። ስሕተት ካገኘ ብልሽት አለ፤ ስሕተት አለማግኘቱ ግን ራሙን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣውም። አምስተኛ፣ አቧራውን እናጽዳ፣ ሙቀቱንና የዲስኩን ጤና እንመልከት። ድራይቨር ቬሪፋየር የተባለው መሣሪያ ድራይቨሮችን ሆን ብሎ ስለሚያስጨንቅና ማሽኑ እንዳይነሣ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በሴፍ ሞድ እንዴት እንደሚጠፋ ሳናውቅ አንጀምረው። በሁሉም ደረጃ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ።

የመጨረሻው ጥያቄ «ዳነ» የምንለው መቼ ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መቋረጡ በአማካይ በየሦስት ቀኑ፣ ነገር ግን በዘፈቀደ የሚመጣ ከሆነ፣ ምንም ሳንጠግን ሦስት ቀን በሰላም የማለፍ ዕድሉ 37 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የሦስት ቀን ጸጥታ ምንም አያረጋግጥም። ዘጠኝ ቀን ብንጠብቅ ግን ያ ዕድል ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። እንግዲህ የአማካዩን ጊዜ ቢያንስ ሦስት እጥፍ እንጠብቅ፤ ቀኑንም፣ ኮዱንም፣ የለወጥነውንም በማስታወሻ ደብተር እንጻፍ።

ኮምፒዩተራችሁን ለባለሙያ የምትሰጡ ከሆነም ያንን ማስታወሻ አብራችሁ ስጡት፤ ፋይሎቹ ሳይቀዱና ራሙ ሳይፈተሽ ፎርማት እንዳያደርግም አስቀድማችሁ ንገሩት።